ምዕራፍ ሰባት፦ «ተቀበል!» ያለው ሰው የት ቆሟል?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ፣ ማንኩሳን አለፍ ብሎ ከአስፋልቱ ገባ ያለች መንደር አለች። እዚያ በአንድ የጥር ሠርግ ላይ አዝማሪ ልቀርጽ ተቀምጬ ነበር። ዳሱ በባሕር ዛፍ ምሰሶ የቆመ፣ ጣሪያው በቅጠልና በሸራ የተሸፈነ፣ መሬቱ ጉዝጓዝ የለበሰ ነው። ማይክሮፎኔን ስታንድ ላይ ሰክቼ ከአዝማሪው አፍ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ አቆምኩት። መድረክ ላይ ዘፋኞች ሲይዙት የምናየው፣ ጫፉ ላይ የሽቦ ኳስ ያለው ዓይነት ነው። የሰውየው ድምፅ በጆሮ ማዳመጫዬ ጥርት ብሎ ገባ፤ ደስ አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ደስታዬ ጠፋ። አዝማሪው ስለ ሙሽራው አጎት ይዘፍናል። ድንገት ዝም ይላል፤ ለምን ዝም እንዳለ አይታወቅም። ከዚያ ሁለት ስንኝ ያወጣል፤ ወዲያው የሩቅ ጎረቤት የሚስቅ የመሰለ ሳቅ ይሰማል። እዚያው ስለነበርኩ በዝምታው ውስጥ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ከዳሱ ጥግ ምሰሶ ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ብለው ስንኙን ያቀበሉት ያኔ ነበር። ግጥሙ የእሳቸው ነው፤ ዳሱም የሳቀው በእሳቸው ቃል ነው። በቅጂዬ ውስጥ ግን እሳቸው የሉም።

ሰዎች ስለ ማይክሮፎን ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚያነሱት ዋጋና ስም ነው። ሁለቱም ላይ እደርሳለሁ። ያን ቀን ሳልጠይቀው የቀረሁት ጥያቄ ግን ከሁለቱም ይቀድማል፦ እዚህ ቦታ ሙዚቃውን የሚሠራው ማን ነው? የትስ ተቀምጧል? በምዕራብ ጎጃም ገጠር መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «የከበበው ሰው ሁሉ» የሚል ነው። አዝማሪው፣ ተቀባዩ፣ አጨብጫቢው፣ እልል የምትለው እናት፣ ስንኝ የሚወረውረው እንግዳ፣ ሁሉም የዘፈኑ ባለቤቶች ናቸው። ገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው ማይክሮፎን ደግሞ የተሠራው አንዱን ሰምቶ የቀረውን እንዲተው ነው።

ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተሠራ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጀርመን አገር በሸክላ ሲቀረጹ ማይክሮፎን ለሸክላ ሥራ ገና አልደረሰም ነበር። ዘፋኙ የሚዘፍነው በትልቅ ቀንድ መሳይ መለከት ውስጥ ነው። የድምፁ ጉልበት መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰሙ ላይ ይጭራል፤ ጉልበት ያነሰው ድምፅ መርፌውን ስለማያነቃንቅ አይቀረጽም። በዚያ ዘመን ዳር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ሸክላ ላይ የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ሸክላ ቀራጮቹ ወደ ኤሌክትሪክና ወደ ማይክሮፎን የዞሩት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ድምፅና ሹክሹክታ ሳይቀር መያዝ ተቻለ።

ማይክሮፎን ወደ መድረክ ሲወጣ ግን አዲስ ችግር መጣ። ዘፋኙ ፊት ማይክሮፎን፣ አጠገቡ ደግሞ ድምፅ ማጉያ አለ። ማጉያው ያወጣውን ድምፅ ማይክሮፎኑ መልሶ ከሰማው ያ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይነሣል። ሞንታርቦ ተከራይቶ ድግስ ያደረገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መፍትሔው ከፊቱ ያለውን የሚሰማ፣ ከጀርባው ግን የሚደነቁር ማይክሮፎን መሥራት ነበር። የሚሰማበት አካባቢ በወረቀት ላይ ሲሳል ልብ ስለሚመስል «ካርዲዮይድ» ይባላል። ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ኤስኤም58 የዚህ ዓይነት ነው፤ ዛሬም ዓለምን የሞላው እሱና እሱን የመሰሉት ናቸው። ውስጡ ስስ ገለፈትና ከገለፈቱ ጋር የተያያዘ የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ገለፈቱ በድምፅ ሲርገበገብ ሽቦው በማግኔት መካከል ይንቀሳቀሳል፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ባትሪ አይፈልግም፣ ቢወድቅ በቀላሉ አይሰበርም፣ አቧራ ይችላል። «ዳይናሚክ» የሚሉት ይህን ነው። ልግዛው የሚል ሰው ካለ አንድ ነገር ልምከረው፦ ይህን ማይክ አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ በየአገሩ ሞልቷል፤ እውነተኛው 298 ግራም ይመዝናል። ሚዛን ያለበት ሱቅ ይግባና ያስመዝን። ሚዛን ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም ክብደቱ በጣም የቀለለውን ወዲያው ያጋልጣል።

ሙዚቃችን ራሱም ከክቡ ወጥቶ መድረክ ላይ የቆመበት ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሀሊም ኤል-ዳብ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ አሰልፎ አሳየ። ትልቅ ሥራ ነበር። መድረክ ግን ፊትና ጀርባ አለው፤ ሙዚቀኛው ከዚህ፣ አድማጩ ከዚያ። ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት ካርዲዮይድ ልክ ነው። ዳስ ውስጥ ግን ፊት የሚባል ነገር የለም። አዝማሪው ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየዞረ፣ ፊቱን ወደሚያወድሰው ሰው እያዞረ ነው የሚዘፍነው።

አንድ ድምፅ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። የፍቅር እስከ መቃብር ታሪክ የሚጀምረው በዚያችው በማንኩሳ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ያን ድምፅ አይረሳውም። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍል። ወደ ካርዲዮይድ ማይክ ሲጠጉ ወፍራሙ የድምፅ ክፍል ይጎላል፤ ተራኪው ጆሮ ሥር ተቀምጦ የሚያወራ ያስመስለዋል። ለትረካ ይህ ጸጋ ነው። ለቅኔ ዘራፊም፣ ብቻውን ለሚያንጎራጉር ሰውም እንዲሁ። እኔ የተሳሳትኩት ለትረካ የሚሆነውን ለዳስ ስላመጣሁት ነው።

ስሕተቴን በቁጥር ልዘርዝረው። ሜዳ ላይ ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ማይክሮፎኔ ከአዝማሪው አፍ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ከሽማግሌው ደግሞ 4 ሜትር ይርቅ ነበር እንበል። ሃያ እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱ እኩል ቢጮኹ እንኳ ሽማግሌው በ26 ዴሲቤል አንሰው ይገባሉ። በዚያ ላይ የተቀመጡት በማይኩ ጀርባ በኩል ነው፤ ካርዲዮይዱ ደግሞ ከጀርባ የመጣውን ይገፋል። እንግዲህ ምን ቀረላቸው? ያንኑ ማይክሮፎን ከአዝማሪው 1 ሜትር ተኩል፣ ከሽማግሌው 3 ሜትር አድርጌው ቢሆን ኖሮ ከርቀቱ የሚመጣው ልዩነት 6 ዴሲቤል ብቻ ይሆን ነበር። ሳንቲም ሳላወጣ፣ ስታንዱን ከፍ አድርጌ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በመጎተት ብቻ ሽማግሌውን አገኛቸው ነበር።

ታዲያ ሁሉም ቀራጭ ለምን አይርቅም? ክፍሉ ስለማይፈቅድለት ነው። በርቀት የሚቀረጽ ድምፅ ከግድግዳ የተመለሰውንም ይዞ ይመጣል። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የከተማ አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ይንጫጫል፤ ከሁለት ሜትር በላይ የራቀ ማይክሮፎን ቃሉን ያጣዋል። በዚህ ረገድ ዳሱ የሚገርም ቤት ነው። ቅጠሉ፣ ጉዝጓዙ፣ ጋቢ የለበሰው ሰው ሁሉ ድምፅ ይውጣል፤ ፊት ለፊት የተፋጠጠ ጠንካራ ግድግዳ የለም፣ ጎኑም ክፍት ነው። ከተማ ውስጥ ስፖንጅ ገዝተው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች የሚፈልጉትን ነገር የጎጃም ገበሬ በአንድ ቀን ከባሕር ዛፍና ከቅጠል ይሠራዋል። ስለዚህ ዳስ ውስጥ በድፍረት መራቅ ይቻላል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን መጠጋት ግድ ነው።

ሲርቁ ደግሞ ዳይናሚኩ ይደክማል። ያን ሽቦ ተሸክሞ የሚርገበገበው ገለፈት ከሩቅ የመጣ ስስ ድምፅ አያነቃንቀውም። እዚህ ላይ ሌላው ዓይነት፣ ኮንደንሰር፣ ይገባል። ገለፈቱ በጣም ስስ ነው፤ ሽቦ አይሸከምም፤ ፊት ለፊቱ ካለ ብረት ጋር ያለው ርቀት ሲጠብና ሲሰፋ ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ኢ. ሲ. ዌንት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1916 ዌስተርን ኤሌክትሪክ ውስጥ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት ኤሌክትሬት የሚባለውን ርካሽ ዓይነት አወጡ፤ ደረት ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ማይክ የዚያ ልጅ ናት። ትላልቆቹ 48 ቮልት ከሚክሰሩ ወይም ከመቅረጫው በገመዱ በኩል ይፈልጋሉ። የባትሪ ድንጋይ ቶሎ የሚጨርሰውም ይኸው ነው፤ ገጠር ሲወጡ ትርፍ ድንጋይ መያዝ ግድ ነው።

አሁን ወደ ማሲንቆው። የዚህ መሣሪያ ድምፅ በብዛት የሚወጣው ከቆዳው ነው፣ አራት ማዕዘኑን ሣጥን ከለበሰው። እኔ ማይኩን አፍ ላይ ስደቅነው ማሲንቆው እንደ ትንኝ ሲጢጥ የተሰማው ለዚህ ነው፤ የደረሰኝ የጭራው ፍትጊያ እንጂ የሣጥኑ ሆድ አልነበረም። ሰውየው ተቀምጦ ከሆነ፣ ማይክሮፎኑን ደረቱ ትክክል፣ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጎ፣ በአፉና በቆዳው መካከል ማነጣጠር ሁለቱን ያመጣል። ደጋኑ ጭራውን የሚያሽበትን ቦታ በቀጥታ ማየት የለበትም። ቆሞ የሚዞር ከሆነ ግን ስታንድ ዋጋ የለውም። ያኔ ከዙሪያው ሁሉ የምትሰማ ትንሽ የደረት ማይክ ማሲንቆው አንገት ላይ ማሰር፣ የቀረውን ለዳሱ ማይክሮፎኖች መተው ይሻላል። ይህን ያለ አዝማሪው ፈቃድ ማድረግ ነውር ነው። ማሲንቆው የሰውየው እንጀራ ነውና ፕላስተር እንኳ ሲለጠፍበት ተጠይቆ ነው።

ዋሽንት ሌላ ጠባይ አለው። ትንፋሹ ከአፍ ወጥቶ ማይኩን በቀጥታ ከመታው ዜማው በነፋስ ይሸፈናል። ከጎን፣ ከጣቶቹ ትይዩ፣ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ መቅረጽ ይበቃል። ከበሮ በቅርብ ከተቀረጸ ሌላውን ሁሉ ይውጣል፤ ለብቻው ማይክ መስጠት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፣ የትም ሆኖ ይሰማል።

ከሁሉ የሚከብደው እልልታ ነው። ድንገት የሚፈነዳ፣ ጆሮ በጣም በሚነቃበት የድምፅ ከፍታ ላይ የሚመጣ ኃይለኛ ድምፅ ነው። በስልክ የተቀረጸ ሠርግ ያዳመጠ ሰው ይህን አስተውሎ ይሆናል፦ እልልታው ሲመጣ ስልኩ ደንግጦ ድምፁን ሁሉ ይቀንሳል፤ እልልታው ሲያበቃ ቀስ እያለ መልሶ ያነሣዋል። ሙዚቃው ቁና ቁና የሚተነፍስ ይመስላል። ይህ ስልኩ በራሱ ድምፅ የሚመጥንበት ሥራ ነው። መቅረጫ ላይ ይህን ማጥፋት ይቻላል፤ አጥፍቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። ተራው ዘፈን መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ 18 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ከተቀረጸ ለእልልታውና ለፉከራው ቦታ ይተርፋል። በ24 ቢት የሚቀርጽ መሣሪያ ካለ ዝቅ ብሎ መቅረጽ አያስፈራም፤ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የተሰነጠቀ እልልታን ግን ማንም አይጠግነውም።

ክቡን ራሱን ለመያዝ ሁለት ማይክሮፎን ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው አለን ብለምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የስቴሪዮ ፓተንቱን ሲያስገባ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ድምፁ ከየት እንደመጣ ያውቃል፣ ቅጂውም እንዲያውቅ። እኔ ዳስ ውስጥ የምመርጠው በፈረንሳይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ስም ኦአርቲኤፍ የሚባለውን አቀማመጥ ነው፦ ሁለት ካርዲዮይድ ኮንደንሰር፣ በመካከላቸው 17 ሳንቲ ሜትር፣ አፋቸው በ110 ዲግሪ ተከፍቶ። የሰው ጆሮዎች ርቀት ያህል ስለሆነ በማዳመጫ ሲሰማ ዳሱ ውስጥ ያስቀምጣል። ሰው በአራቱም አቅጣጫ ከከበበ ግን ከሁሉም በኩል እኩል የሚሰማ፣ «ኦምኒ» የሚሉት ዓይነት ጥንድ ይበልጣል። ይህ ዓይነት በነፋስም በንክኪም እምብዛም አይረበሽም። ብዙ ሰው ኦምኒን «ጫጫታ ያስገባል» ብሎ ይሸሸዋል። እውነት ነው፤ ሁሉን ያስገባል። እኔም የፈለግሁት ሁሉን ነበር።

ሁሉን ሲባል ግን አይሱዙውም አለ። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ ቡሬንም ፍኖተ ሰላምንም መሐል ለመሐል ይቆርጣቸዋል፤ ቡሬ ላይ ደግሞ የነቀምቴው መንገድ ይገናኘዋል። የጭነት መኪና ጉርምርምታ ከአስፋልቱ ርቀው እንኳ ይሰማል። መቅረጫዎች ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጥፊያ አለ፤ 80 ኸርዝ ላይ ቢደረግ ብዙውን ጉርምርምታ ያነሣል። የከበሮውንም ሆድ ትንሽ ይወስዳል፤ እኔ መክፈሉን እመርጣለሁ። ጀኔሬተር ካለ ሽማግሌ ልኮም ቢሆን ከዳሱ ጀርባ አርቆ ማስቀመጥ ከየትኛውም ማጣሪያ ይበልጣል።

የጥር ነፋስ ሌላው ጠላት ነው። ኮንደንሰር ነፋስ ሲነካው እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። ስፖንጁ ለቤት ውስጥ ነው፤ ለሜዳ ጠጉራሙ ልባስ ያስፈልጋል። አንድ ወዳጄ የበግ ለምድ ቆርጦ አለበሰው፤ ነፋሱም ቆመ፣ ሙዚቃውም ታፈነ። ጠጉሩ ነፋሱን ይሰብራል፤ ቆዳው ግን ድምፁንም ይዘጋል። ልባሱ ጠጉሩ በሳሳ ጨርቅ ላይ የተሠራ፣ በብርሃን ሲያዩት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ መሆን አለበት።

በከተማ ሜዳ ላይ መድረክ ተሠርቶ፣ ሞንታርቦ ተደርድሮ የሚቀርበው ኮንሰርት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። እዚያ ቀላሉ መንገድ ከሚክሰሩ በገመድ መውሰድ ነው። ንጹሕ ነው፤ ግን ሬሳ ነው። ሚክሰሩ የሚያውቀው ማይክ የተሰጠውን ብቻ ነው፤ አብሮ የሚዘፍነው ሕዝብ እዚያ ውስጥ የለም። ሁለቱንም መያዝ ነው የሚያዋጣው፦ አንዱን መስመር ከሚክሰር፣ ሌላውን ከሕዝቡ መካከል ከፍ ብለው ከቆሙ ሁለት ማይክሮፎኖች። ሲያዋሕዱ አንድ ነገር አይዘንጉ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ማይክሮፎኑ ከድምፅ ማጉያው 20 ሜትር ከራቀ ሕዝቡ ጋ የደረሰው ድምፅ ከሚክሰሩ በ58 ሚሊ ሴኮንድ ይዘገያል፤ ጭብጨባው ሁሉ እጥፍ ይሆናል። በኮምፒውተር የሚክሰሩን መስመር ያን ያህል ወደ ኋላ መግፋት ነው።

ገንዘብ ስላለውና ስለሌለው ሰው ልጨምር። መጀመሪያ የምገዛው ሁለት ማይክ አብሮት ያለ የእጅ መቅረጫ ነው፤ ቀጥሎ ጠጉራም ልባስ፣ ቀጥሎ ጆሮ የሚዘጋ ማዳመጫ። ማዳመጫ የሌለው ቀራጭ ጨለማ ውስጥ እንደሚያርስ ሰው ነው። ኮንደንሰር ጥንድ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። የመድረኩ ማይክ መጨረሻ ላይ።

በሚቀጥለው ጥር ወደዚያው ቀበሌ ለሌላ ሠርግ ሄድኩ። አዝማሪው ያው ሰው ነበር። ጥንዱን ማይክሮፎን በረጅም ስታንድ ከራስ በላይ ሰቅዬ፣ መካከለኛው ምሰሶ አጠገብ አቆምኩና ማዳመጫውን «ተቀበል!» ላሉት ለእኚያ ሽማግሌ ሰጠኋቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙ። ጠላ የሚቀዳበትን፣ ሕፃን የሚያለቅስበትን፣ ውጭ እንጨት የሚፈለጥበትን።

«ምን ይመስላል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉ፤ ማዳመጫውን ሳያወልቁ በጣታቸው ወደ ግራ፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት እያመለከቱ። «ይህን ግን ትንሽ ወደነሱ አዙረው። ዘንድሮ ስንኝ የሚሰጡት እነሱ ናቸው።»

አዞርኩት።